የምክር ዓምድ፦ «ቶሎ እንዲተልቅልን ካልሲየም እንስጠው ወይ?»

«ጤና ይስጥልኝ። ሁሌም አነብዎታለሁ፣ ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድ የሮትዋይለር ቡችላ ወደ ቤታችን ይመጣል። አሁን አምስት ሳምንቱ ነው። እኔ ውሻ አሳድጌ አላውቅም። ባለቤቴ ግን ልጅ ሆኖ ቤታቸው ውሻ ስለነበር ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። የካልሲየም ዱቄት ገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጧል። ‹ጠግቦ ካልበላና ካልሲየም ካላገኘ አጥንቱ አይጠነክርም፣ ቁመቱም ይቀራል› ይላል። ቶሎ እንዲለምደን ደግሞ አሁኑኑ እናምጣው እያለኝ ነው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። ሁለታችንም ጠዋት ሥራ ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ልጆቹ ከሰዓት ከአክስታቸው ጋር ይመለሳሉ። ወለላችን ሴራሚክ ነው፣ መኝታ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ምን እንግዛ? ምን እናስተካክል? ካልሲየሙንስ እንስጠው ወይ? የጨነቃት እናት ነኝ።»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። እርስዎ እያልኩ ስለ ሽንትና ስለ ትል ማውራት አይሆንልኝም።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትስጡት። ዱቄቱን ዛሬውኑ ከቁም ሳጥኑ አውርዳችሁ ለሻጩ መልሱ። አልቀበልም ካለም ይቅርባችሁ።

ምክንያቱን ለባለቤትሽ አንብቢለት። አዋቂ ውሻ ካልሲየም ሲበዛበት አንጀቱ የሚበቃውን ወስዶ ሌላውን ያሳልፈዋል። ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ ግን ይህን በደንብ መቆጣጠር አይችልም። ከሰጡት ውስጥ ብዙውን ወደ ደሙ ያስገባዋል። ትርፉ አጥንቱን የሚያጠነክረው ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፣ የአጥንቱንና የመገጣጠሚያውን እድገት ያዛባዋል። በትናንሽ ዝርያዎች ላይ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። በትልልቆቹ ላይ ግን ይታያል።

ባለቤትሽ ክፉ አላሰበም። እንዲያውም አብዛኛው ሰው የሚያስበው እንደሱ ነው። ግን እስቲ ሒሳቡን እዩት። ሮትዋይለር ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ወንዱ በዓመት ተኩል 50 ኪሎ ሊገባ ይችላል። መቶ እጥፍ ማለት ነው። ሰው እንኳን በ18 ዓመቱ ሃያ እጥፍ ገደማ ቢያድግ ነው። ይህ ሁሉ ሥጋ የሚጫነው ገና ባልጠነከረ አጥንት ላይ ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው የሚያድገው ክፍል ለስላሳ ነው፤ በትልልቅ ዝርያዎች ሙሉ በሙሉ አጥንት እስኪሆን ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በጣም ግዙፎቹ ላይ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ይሄዳል።

ቁመቱ የሚወሰነው በወላጆቹ ነው። ምግቡ የሚወስነው በምን ፍጥነት እዚያ እንደሚደርስ ነው። ቀስ ብሎ ያደገው ቡችላም የኋላ ኋላ የሚደርሰው እዚያው ቁመት ላይ ነው፤ ልዩነቱ እግሮቹ ደህና ሆነው መድረሳቸው ነው።

ይህን የምነግርሽ ተምሬው ሳይሆን ተቀጥቼበት ነው። የመጀመሪያ ውሻዬ መቻል ይባል ነበር። እንዳንተ ዓይነት ልብ የሚያባባ ፊት አላየሁም እያልኩ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ካየሁት እሞላለታለሁ። በአምስት ወሩ የሰፈር ሰው «ይሄ አንበሳ ነው እንዴ!» ሲል ደረቴን እነፋ ነበር። በሰባት ወሩ አንድ ጠዋት ከተኛበት ሊነሳ ሲል የኋላ እግሩን እንደ ሽማግሌ ጎተተው። ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ለጥፋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝ። የጭኑ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ዳሌው ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት፤ ግማሹ ውጭ ቀርቷል። «በዘር የመጣ ነው፣ ክብደቱ ግን አባብሶታል» አለችኝ። በማንኪያ ያባባስኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ምግቡ ላይ ሦስት ነገር ያዙ። ከረጢቱ ላይ «ለትልቅ ዝርያ ቡችላ» የሚል ደረቅ ምግብ ግዙ። እንዲሁ «ለቡችላ» ብቻ የሚለውን አይደለም። ለትልልቆቹ የተዘጋጀው ካልሲየሙና ጉልበት ሰጪው የተመጠነ ነው፣ ሌላ የሚጨመርበት ነገር የለም። እቤት እናብስልለት ካላችሁ ደግሞ መጠኑን ሐኪም ያውጣላችሁ፤ በግምት አይሆንም። ሁለተኛ፣ እስከ ስድስት ወሩ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይብላ። ቀኑን ሙሉ የተሞላ ሳህን ፊቱ አይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከረጢቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እውነተኛው ሚዛን እጅሽ ነው።

አሁኑኑ ሞክሪው። እጅሽን ጨብጪና በሌላኛው እጅሽ ጣቶች አንጓዎቹን ዳብሺ። የቡችላው ጎድን እንደዚያ ከጎረበጠሽ ከስቷል። እጅሽን ዘርጊና ጀርባውን ዳብሺ። ጎድኑ እንደዚያ ከተሰማሽ ልክ ነው። ገልብጪና መዳፍሽን ዳብሺ። አጥንት ለማግኘት መጫን ካስፈለገሽ ወፍሯል፣ ምግቡን ቀንሺ። ሰው «ከሳብሽ እኮ» ይልሻል፤ ስቀሽ እለፊው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። 48 ላብራዶሮችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታተሏቸው። ከየጥንዱ አንዱ ከሌላው በ25 በመቶ ያነሰ ይበላ ነበር። ቀጠን ያሉት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ዕድሜ ኖሩ። የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ መጣባቸው።

አሁን ወደ «አሁኑኑ እናምጣው» እንሂድ። አይሆንም፣ ስምንት ሳምንቱን ይሙላ። እነዚህ ሦስት ሳምንታት ዝም ብለው የሚባክኑ አይደሉም። ቡችላ ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኽበታል፣ ጨዋታው ይቆማል። እናቱም ልክ ታስገባዋለች። ይህን ትምህርት አቋርጦ የመጣ ቡችላ የሚማረው በልጆችሽ እጅ ላይ ነው። ነገ የ50 ኪሎ ውሻ መንጋጋ ነው፤ ይማርበት።

እስከዚያው ሄዳችሁ እዩት። ስታዩት ደግሞ እናቱን እዩ። ሰው ስታይ የምትደበቅ ወይም ጥርሷን የምታሳይ ከሆነ ሁለቴ አስቡበት። ሮትዋይለር በዳሌና በክርን መገጣጠሚያ ችግር ከሚታወቁት ዝርያዎች አንዱ ስለሆነ የወላጆቹ ዳሌና ክርን ራጅ ተነስቶ እንደሆነ ጠይቁ። «እናቱ ጤነኛ ናት፣ ትሮጣለች» ማስረጃ አይደለም። የክትባትና የትል መድኃኒት ካርዱንም በዓይናችሁ እዩ። «ተከትቧል» በሚል ቃል እንዳትሸወዱ።

የቤታችሁ ወለል ነገር ካልሲየሙን ያህል አሳስቦኛል። ቡችላ ሴራሚክ ላይ ሲሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? የፊት እግሮቹ ይቆማሉ፣ የኋላዎቹ ግን ግራና ቀኝ ተበርግደው ሆዱ መሬት ይነካል። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። ዳሌው ግን አይስቅም። በቀን ሠላሳ ጊዜ እንዲህ የሚፈናጠር ያልጠነከረ መገጣጠሚያ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከመኝታው እስከ ውጭ በር፣ ከሳህኑ ፊትና በሚጫወትበት ቦታ የማይንሸራተት ምንጣፍ አንጥፉ። ያረጀ ምንጣፍ ይበቃል፣ ከሥሩ ግን የሚይዝ ጎማ ነገር ይኑረው። አለበለዚያ ምንጣፉም ውሻውም አብረው ይንሸራተታሉ።

ደረጃው ላይ ዝቅ ያለ የሕፃናት በር ግጠሙ። በኖርዌይ በአራት ትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ወር ሳይሞላቸው ደረጃ የወጡና የወረዱ ቡችላዎች ለዳሌ ችግር ይበልጥ ተጋልጠው አግኝቷቸዋል። በአንጻሩ በዚያው ዕድሜ ውጭ እንደልባቸው የተንቀሳቀሱት ተጋላጭነታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ አትጠቅልሉት፣ ሣር ላይ ይሩጥ፣ ይንከባለል፣ ሲደክመው ራሱ ይተኛ። የማይፈለገው ከሶፋና ከመኪና መዝለል፣ አስፋልት ላይ ረጅም ሩጫ፣ ባለቤትሽ ጠዋት ስፖርት ሲሠራ አብሮ መጎተት ነው። ለዚያ ዓመት ተኩል ይጠብቅ።

ሐኪም ከአሁኑ ፈልጉ። ቡችላው ከመጣ በኋላ መፈለግ ራስ ምታት ነው። ዋናው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ ከ12 ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀኑን ሐኪሙ ይወስናል። የትል መድኃኒቱን ቸል አትበዪ፣ በተለይ ልጆች ስላሉሽ። አንዳንዱ የቡችላ ትል ወደ ሰው ይተላለፋል። ዓይነ ምድሩን ቶሎ ማንሳት፣ ልጆቹ ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን መታጠብ፣ በቃ።

ፓርቮን ግን ፍሩት፤ ቡችላን በተቅማጥና በትውከት የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነው። ሮትዋይለር ከብዙ ዝርያዎች ይልቅ ለሱ ተጋላጭ ነው። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራትን፣ ሲመቸው ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ግቢያችሁ ውስጥ ከዚህ በፊት በተቅማጥና በትውከት የሞተ ቡችላ እንደነበረ ጎረቤት ጠይቁ። ከነበረ ሳታመጡት በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ክትባቱ እስኪያልቅ የማይታወቁ ውሾች የሚረግጡበት መሬት አይርገጥ።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ቡችላ ዓለምን «ይሄ አያስፈራም» ብሎ የሚመዘግብበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ክትባቱ ከማለቁ በፊት ይዘጋል። ቤት ዘግታችሁ ብታስቀምጡት ከፓርቮ ይድናል፣ ነገር ግን ሰውን የሚፈራ ትልቅ ውሻ ይሆናል። የሚፈራ ትልቅ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ስለዚህ ተሸከሙት። ታቅፋችሁ መንገድ ዳር ቁሙ። ሞተር ሳይክል ይለፍ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ በክራንች የሚሄድ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይይ። ሲያይ የምግቡን ፍሬ አንድ አንድ አጉርሱት። ከደነገጠ ራቅ በሉ፣ አትግፉት። እስከመቼ ተሸክመን ትይ ይሆናል። ወገብሽ ይነግርሻል።

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ብቻውን ሊውል አይችልም። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ቢበዛ ሦስት ሰዓት ቢይዝ ነው። ሰፋ ያለ አጥርና የሚሸናበት ጥግ ብታዘጋጁለትም፣ ገና ከእናቱ የተለየ ሕፃን ባዶ ቤት ውስጥ ስድስት ሰዓት ሲያለቅስ የሚማረው ብቻውን መሆን አስፈሪ መሆኑን ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ወይ አንቺ ወይ ባለቤትሽ የዓመት ፈቃድ ውሰዱ። ከዚያ በኋላ አክስትየዋ ወይም የምታምኑት ጎረቤት ረፋዱ ላይ ብቅ ብሎ የሚያወጣው፣ የሚያበላው ሰው ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ መምጫውን አዘግዩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ካልተገኘ ውሻው ቢቀር ይሻላል። ቅር አይበልሽ።

ልጆቹ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ሲተኛና ሲበላ አይነካም። የሚተኛው ደግሞ ብዙ ነው፣ በቀን እስከ 18 ሰዓት፣ አንዳንዴም በላይ። አይሸከሙት፣ ወለል ላይ ቁጭ ብለው እሱ ይምጣላቸው። ሲነክሳቸው እየጮኹ መሮጥ ለሱ ጨዋታ ነው። እንደ ዛፍ ይቁሙ፣ እጃቸውን ይሰብስቡ። የ9 ዓመቱ ይገባዋል። የ6 ዓመቱ ይረሳል፣ ስለዚህ ትልቅ ሰው በሌለበት እሱና ቡችላው ብቻቸውን አይተዉ። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ እንደሚመርዘው ንገሪያቸው። 

የሚገዛው እንዳሰብሽው ብዙ አይደለም። ኬጁን፣ ማለትም የሚተኛበትን የሚዘጋ ሳጥን፣ ሲያድግ በሚሆነው ልክ ግዙና በመክፈያ አጥብቡለት። አሁን ቆሞ የሚዞርበትና የሚጋደምበት ያህል ብቻ ይተውለት። ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። የአንገት ማሰሪያና የደረት ማሰሪያ የሚሰፋ ግዙ፣ ያም ሆኖ ዓመት ሳይሞላው ሦስቴ ትቀይራላችሁ። ውድ አልጋ አትግዙ። በአራት ወሩ ጥርሱ ሲቀየር ያኝከዋል። የማይገለበጥ ከባድ ሳህን፣ የሚታኘክ ጠንካራ ጎማ፣ የሽንት ሽታ የሚያጠፋ ፈሳሽ። ይኸው ነው። ሌላው ለሰው የሚሸጥ ነው።

ሲመጣ የለመደውን ምግብ ለሳምንት የሚበቃ ጠይቃችሁ አምጡ። አዲሱን ቀስ በቀስ ነው የምትቀላቅሉት፣ አለበለዚያ ተቅማጥ ይዞት የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ይሆናል። ከእናቱ መኝታ ቁራጭ ጨርቅም ለምኑ። ማታ ኬጁን መኝታ ቤታችሁ አልጋ ሥር አድርጉት። ደረጃውን ባለቤትሽ ተሸክሞት ይውጣ። ሌሊት ሲያለቅስ እጅሽን ወደ ኬጁ ስደጂ፣ ይሸተዋል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ከነቃ ሽንቱ መጥቷል ማለት ነው። መብራት ሳታበሪ፣ ሳታጫውቺ፣ አውጥተሽ አሽንተሽ መልሺው። ለጥቂት ሳምንታት እንቅልፍ የለም።

አንድ ነገር ላይ ጨክኑ። ሲመጣ ሰባት ኪሎ ሆኖ ጉልበትሽ ላይ ሲዘል ያምራል። ከሰዎች እጅ ሲነጥቅ፣ ሱሪ ሲጎትት ያስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዓመት ሳይሞላው ያው ዝላይ እናትሽን መሬት ላይ ይጥላታል። አራት እግሩ መሬት ካልነካ ማንም አያናግረው፣ እንግዳም ቢሆን። ጆሮውን፣ መዳፉን፣ ጥፍሩን፣ ጥርሱን በየቀኑ ለአንድ ደቂቃ ነካኩት፣ አጉርሱት። አርባ ኪሎ ሆኖ ጆሮው ሲታመም ሦስት ሰው የሚይዘው ውሻ አይታችሁ ቢሆን ኖሮ አሁን ታመሰግኑኝ ነበር።

ለወደፊቱ ደግሞ ይህን በአእምሮሽ ያዢ። ደረተ ጥልቅ ትልልቅ ውሾች አንዳንዴ ሆዳቸው በአየር ይነፋና ይጠማዘዛል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊያስታውክ እየታገለ ምንም ካልወጣውና ከተቁነጠነጠ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሩጡ። ማኮላሸትንም አትቸኩሉበት። በትልልቅ ዝርያዎች ቀድሞ ማኮላሸት ከመገጣጠሚያ ችግር ጋር ስለሚያያዝ ብዙ ሐኪሞች ዓመት እስኪያልፈው ያቆዩታል።

ባለቤትሽን ደግሞ ከነገሩ አታስወጪው። ውሻው ሲያድግ ማየት የሚፈልገው እሱ ስለሆነ ሚዛኑን ለሱ ስጪው። በየእሁዱ ጠዋት መጀመሪያ ብቻውን ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ቀጥሎ ቡችላውን ታቅፎ ይውጣ፣ የራሱን ይቀንስና ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፍ። ልጆቹ ጎድኑን ዳብሰው «የእጅ ጀርባ ነው» ወይም «መዳፍ ነው» ብለው ከጎኑ ያስጽፉት። መዳፍ ከሆነ የዚያ ሳምንት ምግብ ይቀነሳል፣ ባለቤትሽ ቢያኮርፍም። መቻል በሰባት ወሩ ስንት ኪሎ እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ መዝኜው አላውቅማ። እናንተ ቤት ግን ባለቤትሽ ታቅፎት ሚዛን ላይ መውጣት ያቃተው ዕለት ወረቀቱን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።